«እማዬ፣ ዛሬ የቱ ነው መልሱ?»

ጥያቄ፦

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ገንዘብ ያዥ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ በኤክስቴንሽን እማራለሁ። አሥረኛ ክፍል ነጥብ ስላልመጣልኝ በቴክኒክና ሙያ ዞሬ ነው እዚህ የደረስኩት። አምስት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አለኝ፣ ዩኬጂ ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ሳይኮሎጂ ወሰድን። ሞጁሉ ላይ ፒያዤ የሚባል ተመራማሪ ያወጣቸው የልጆች የዕድገት ደረጃዎች በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። ስለ ብርጭቆው ሙከራ ሳነብ እስቲ ልሞክረው ብዬ ልጄን ኩሽና ጠራሁት። በሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ እኩል ውሃ ቀዳሁ። «እኩል ነው?» ስለው «አዎ» አለ። አንዱን ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ገለበጥኩና «አሁንስ?» አልኩት። «ይሄ ይበዛል» ብሎ ረጅሙን አሳየኝ። ሳቅኩ፣ አለፈ። እሑድ ዕለት የባለቤቴ እህት መጣች። ልጅዋ ከልጄ በሁለት ወር ብቻ ነው የምትበልጠው። እሷን ስጠይቃት ወዲያው «እኩል ነው፣ አንቺ እኮ ነሽ የገለበጥሽው» አለች። ቤቱ ሁሉ አጨበጨበላት። እኔ ግን የሆነ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ማታ ከሥራ ስመለስ ውሃውን እቀዳለሁ። በሽምብራም ሞከርኩት፣ በሳንቲምም። ሲሳሳት አስረዳዋለሁ፣ ገልብጬ መልሼ አሳየዋለሁ፣ በማግሥቱ ያው ነው። አንድ ቀን «እኩል ነው» ሲለኝ ደስ ብሎኝ አቀፍኩት። ቀጥዬ ሆን ብዬ አንዱ ላይ ውሃ ጨምሬ ስጠይቀውም «እኩል ነው» አለኝ! ያኔ ጮህኩበት። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ገና ብርጭቆውን ሳነሳ ፊቴን እያየ «እማዬ፣ ዛሬ የቱ ነው መልሱ?» አለና አለቀሰ። በማግሥቱ ረጅሙ ብርጭቆ ጠፋ። ከአልጋው ሥር አገኘሁት።

ባለቤቴ «ተይው፣ ልጅ ነው» ይላል። አማቴ «አባቱም ዘግይቶ ነው የነቃው» ብለው ይስቃሉ፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። በመጪው ዓመት ልናስገባው ያሰብነው ትምህርት ቤት ደግሞ ልጆቹን በኢንተርቪው ነው የሚቀበለው። ልጄ ወደ ኋላ ቀርቷል? ደረጃውን ቶሎ እንዲያልፍ ምን ላድርግ? ወይስ እኔ ነኝ የታመምኩት?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ፦

እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ያ ከአልጋ ሥር የተገኘው ብርጭቆ ነው ዓይኔ ላይ የቀረው። ብርጭቆ የሚደብቅ ልጅ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ አይደለም። በየማታው የሚመጣበት ጣጣ ከየት እንደሚነሳ ለይቶ፣ ዕቃው ከጠፋ ጣጣውም ይጠፋል ብሎ ያሰበ ልጅ ነው። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ሰብሬው ነበር።

መጀመሪያ ፍርሃቱን ላቅልልሽ። ሞጁሉን አውጪና ሠንጠረዡን እንደገና እዪው። «ፕሪኦፐሬሽናል» የሚለው፣ ልጁ ገና ዓይኑ ባየው የሚፈርድበት ደረጃ ከ2 እስከ 7 ዓመት ነው። ልጅሽ አምስት ተኩል ነው። «ረጅሙ ይበዛል» ማለት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ፒያዤ ራሱ የሚጠብቀው መልስ ነው። የውሃው ቅርጽ ቢቀየርም ልኩ እንደማይቀየር አብዛኛው ልጅ የሚገባው ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ክብደት ላይ ሲመጣ እስከ ዘጠኝና አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ልጅሽ በዚያው በሠንጠረዡ ቢመዘን እንኳ ልክ ቦታው ላይ ነው ያለው። ያስደነገጠሽ ሠንጠረዡ ሳይሆን ጭብጨባው ነው።

ደግሞ ይሄ «ደረጃ» የሚባል ቃል ራሱ ያሳስታል። በእኛ አፍ ደረጃ ማለት ማዕረግ ነው። አንደኛ ደረጃ በርበሬ፣ ሁለተኛ ደረጃ በርበሬ እንላለን። ልጁ ከክፍሉ ስንተኛ ደረጃ ወጣ ብለን እንጠይቃለን። ስለዚህ «የዕድገት ደረጃ» ሲባል ሳይታወቀን ውድድር ይመስለናል፣ ቶሎ የወጣ ያሸነፈ። ፒያዤ ግን ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው እንጂ ዕድሜው አይደለም ባይ ነበር፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ቆይቶ ይደርሳል። ለእኔ ቢሉኝ «ወቅት» ብዬ እተረጉመው ነበር። ነሐሴ ላይ መንገዱ ለምን ጭቃ ሆነ ብሎ የሚቆጣ አለ?

ሰውዬው እንዴት እዚህ ነገር ውስጥ እንደገባም ላጫውትሽ፣ ስለሚጠቅምሽ ነው። ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1896 ስዊዘርላንድ የተወለደ ሰው ነው። ዶክትሬቱን የሠራው ስለ ልጆች አይደለም፤ ስለ ቀንድ አውጣና መሰሎቹ ነው። በ1920 ገደማ ፓሪስ ሄዶ የልጆችን የአእምሮ ችሎታ የሚለካ ፈተና የማስተካከል ሥራ አገኘ። ሥራው ልጆቹን እየጠየቁ ትክክል፣ ስህተት እያሉ መመዝገብ ነበር። እሱ ግን ልቡ የተሳሳቱት ላይ ቀረ። በአንድ ዕድሜ ያሉ ልጆች ስህተታቸው ይመሳሰላል። ዝም ብለው የሚገምቱ ቢሆን ኖሮ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ይሳሳት ነበር። ስለዚህ ነጥቡን ትቶ «እንዴት አወቅክ? ለምን እንዲህ አልክ?» እያለ ያዋራቸው ጀመር። በኋላም የራሱን ሦስት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ የሚያደርጉትን ጻፈ። ያ እንቅልፍ የነሳሽ ሠንጠረዥ የተወለደው ከስህተት መልሶች ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማስረዳትሽን ጽፈሻል፣ ገልብጦ ማሳየትሽን ጽፈሻል፣ መጮህሽንም ሳትደብቂ ጽፈሻል፣ በዚህ ደግሞ አከበርኩሽ። «ለምን ይበዛል አልክ?» ብለሽ መጠየቅሽን ግን አላየሁም። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? እኔ የመጨረሻ ልጄ አራት ዓመት ሲሆናት አንድ ቀን ተናድዳ መጣች። አያትሽ ከአባትሽ ይበልጣሉ ተባልኩ፣ ውሸት ነው፣ አባዬ ነው የሚረዝመው አለችኝ። በሷ ቤት የረዘመ ሁሉ ታላቅ ነው። ሳቄን ዋጥኩና «ታዲያ እኔ ማደግ ካቆምኩ ዕድሜዬም ቆሟል ማለት ነው?» አልኳት። ቆማ አሰበችና «አዎ፣ አንቺ አልቀሻል» አለችኝ። (እስካሁን ቤት ውስጥ ይሳቅብኛል።) ፒያዤም ልጆች ቁመትና ዕድሜን እንዲህ እንደሚያደባልቁ ጽፏል። አየሽ፣ የተሳሳተች ቢሆንም ያዘችውን ነገር እስከ መጨረሻው ተከትላዋለች። ያንቺም ልጅ ውሃው ከፍ ማለቱን አይቷል፣ ከፍ ያለ ነገር ይበዛል ብሏል። ብርጭቆው መቅጠኑን ገና አብሮ አላሰበውም። እኛም እኮ ዘዴውን ስንጠቀምበት ነው የኖርነው፤ አንድ ቁራሽ ዳቦ ያነሰበትን ልጅ አራት ቦታ ቆርሰን ስንሰጠው በዛልኝ ብሎ ዝም ይላል። በእንቁጣጣሽ ከአንድ የአሥር ብር ኖት ይልቅ አምስት የአንድ ብር ሳንቲም የሚመርጥ ሕፃን ያላየ አለ?

ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። «አሁንስ?» የሚለው ጥያቄሽ። አንድ ትልቅ ሰው አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ሲጠይቅ ለልጅ ምን ማለት ነው? የመጀመሪያው መልስህ ልክ አይደለም ማለት ነው። ሚስ እንደዚያ ነው የምታደርገው፣ አንቺም እጅህን ታጠብክ ብለሽ ሁለተኛ ስትጠይቂው እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሱዛን ሮዝና ማሪዮን ብላንክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸውታል። መጀመሪያ ላይ የሚጠየቀውን ትተው፣ ከተቀየረ በኋላ አንዴ ብቻ ሲጠይቁ ልጆቹ የተሻለ መለሱ። በዚያው ጊዜ አካባቢ ስኮትላንድ ውስጥ ማርጋሬት ዶናልድሰንና ባልደረባዋ ሌላ ዘዴ ሞከሩ። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ ልጆች ፊት ትናንሽ መቁጠሪያዎች በሁለት እኩል ረድፍ ደረደሩ፣ ከዚያ አንድ «ባለጌ» የድብ አሻንጉሊት ከተደበቀበት ወጥቶ አንዱን ረድፍ እንዲያበላሸው አደረጉ። ትልቅ ሰው በጁ ሲያዘበራርቀው በዛ፣ አነሰ ይሉ የነበሩ ብዙ ልጆች፣ ድቡ ሲረብሸው ግን ያው እኩል ነው አሉ። ለምን መሰለሽ? ትልቅ ሰው ሆን ብሎ አንድ ነገር ሲነካ፣ ልጁ «አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው» ብሎ ያስባል። ድብ ግን ድብ ነው፣ መረበሽ ሥራው ነው። ለዚህ ነው እኔ ፒያዤን ሳከብረው ቁጥሮቹን እንደ ሕግ የማላያቸው። ልጅ አንድ ደረጃ ላይ በሁለት እግሩ አይቆምም። ዛሬ በሽምብራ የገባው ነገር በውሃ ላይገባው ይችላል፣ ከድብ ጋር የሚያውቀውን ከእናቱ ፊት ይረሳዋል።

እና ውሃ ጨምረሽበት «እኩል ነው» ያለሽ ጊዜ፣ እኔ እንደሚመስለኝ ውሃውን አላየውም። ያየው ያንቺን ፊት ነው። «እኩል» የሚለው ቃል እቅፍ ያስገኛል ብሎ ተምሯል፣ ስለዚህ ደገመው። ይሄ ከደረጃ ጋር አይገናኝም። ደብዳቤሽ ውስጥ ካለው ሁሉ የሚያሳስበኝም ይሄ ብቻ ነው። ዓይኑ ከነገሩ ላይ ተነስቶ ፊትሽ ላይ ከተተከለ ማወቅ የሚፈልገው ስለ ዓለም ሳይሆን ስለ እማዬ ኩርፊያ ይሆናል። ሞጁልሽ ላይ ትንሽ ገልበጥ ብትዪ ኤሪክ ኤሪክሰንን ታገኚዋለሽ፣ የሰውን ዕድሜ በስምንት የዕድገት ደረጃ የከፈለውን የሥነ ልቦና ሊቅ። በኬጂ ዕድሜ የሚለው ምን መሰለሽ? ልጁ በራሱ ተነሳስቶ መሞከር ይፈልጋል፣ ያ በየጊዜው ሲቆረጥበት ጥፋተኛ ነኝ የሚል ስሜት ያድርበታል። እኔ አልጋ ሥር ያለው ብርጭቆ ላይ ይሄንን ነው ያየሁት።

ቶሎ እንዲያልፍ ምን ላድርግ ብለሻል። የሚገርምሽ ይህንን ጥያቄ ለፒያዤም አሜሪካኖች ደጋግመው ያቀርቡለት ስለነበር «የአሜሪካኖቹ ጥያቄ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ ባሕር ዳርም ደርሷል ማለት ነው። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ማሠልጠን ጭራሽ አይቻልም አልልም። ሮሸል ጌልማን የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1969 የአምስት ዓመት ልጆችን ምኑን ማየት እንዳለባቸው በጨዋታ እያለማመደች አሻሽላቸዋለች። ግን ለምን ይሆናል? ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ የሚመጣለትን ነገር ዛሬ በእንባ ብታስገቢው ምን ታተርፊያለሽ? የባለቤትሽ እህት ልጅ ጎበዝ ናት፣ ምክንያት ሰጥታ ነው የመለሰችው፣ ማሻአላህ ወይ እግዜር ይባርካት በያት። እሷ ቀድማ መድረሷ ካንቺ ልጅ ላይ ምንም አልወሰደም።

የሚጠቅም ነገር ከፈለግሽ እጁን ሥራ አስገቢለት። ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሠሪ ልጆች የጭቃ መጠን ቅርጹ ቢቀያየርም እንደማይለወጥ ከሌሎች ልጆች የተሻለ እንደሚረዱ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1969 ወጥቷል። ማንም አላስጠናቸውም፣ ሲያድጉ ጭቃ ሲነካኩ ነው። አንቺ ቤት ጭቃ ባይኖር ሊጥ አለ። ዳቦ ስታቦኪ ቁራሽ ስጪው፣ ያድቦልቡለው፣ ይዳምጠው፣ እንደ እባብ ይጎትተው። አደራ ግን «የቱ ይበዛል?» እንዳትዪው። አማትሽ ገበጣ የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ያስተምሩት። ጠጠሩን በየጉድጓዱ ሲበትንና ሲሰበስብ የሚማረውን አንቺ በብርጭቆ በወር አታስተምሪውም።

አሁን ትንሽ ስላንቺ። አሥረኛ ክፍል ነጥብ እንዳልመጣልሽ የጻፍሽው ማንም ሳይጠይቅሽ ነው። ለምን አስታወስሽው? ያ እሑድ ሲያጨበጭቡ ሆድሽ ውስጥ የቀዘቀዘው ነገር የልጅሽ ነው ወይስ ያንቺ? የዚያን ጊዜ ውጤት ሲለጠፍ አጠገብሽ ማን ነበር፣ ምንስ አለሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ለባለቤትሽ ብትነግሪው ግን ጥሩ ነው። እሱ «ተይው» ሲልሽ ልጁን ነው የሚያስበው፣ ያንቺን ፍርሃት አላየውም፣ አንቺም አልነገርሽውም። አልታመምሽም። ፈርተሻል፣ ደግሞም ደክሞሻል፤ ሳምንቱን ሠርተሽ ቅዳሜና እሑድ ተምረሽ ማታ ደግሞ ኩሽና ውስጥ ፈታኝ መሆን ማንንም ያደክማል።

ስለ ኢንተርቪው፣ ሄደሽ ምን እንደሚጠይቁ በግልጽ ጠይቂያቸው። ብዙ ጊዜ ስሙን፣ ቀለማትን፣ ትንሽ ቆጠራ፣ እርሳስ አያያዝ ነው። አንድ ልጅ ሳይሸማቀቅ ከማያውቀው ሰው ጋር ማውራት ከቻለ ግማሹን ጨርሷል፣ እና ይሄን ፊት እያዩ መልስ መፈለግ ነው የሚያበላሽበት። የስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ጥያቄ የሚጥል ትምህርት ቤት ካጋጠመሽ ደግሞ እኔ ልጄን እዚያ አላስገባም፣ አንቺ እንደፈቀድሽ።

በእርግጥ ሊታይ የሚገባው ነገር ሌላ ነው። ስትጠሪው ካልሰማሽ፣ ንግግሩ ለባዕድ ሰው የማይገባ ከሆነ፣ «ጫማህን አውጣና ቦርሳህን አምጣ» የሚል ሁለት ነገር ያለበት ትእዛዝ ካልያዘ፣ ከልጆች ጋር ጭራሽ የማይጫወት ከሆነ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር እየተወ ከመጣ፣ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪው፣ ጆሮውንም ያዩለት። ከዚህ አንዱንም አልጻፍሽልኝም። ለማረጋገጥ ግን ሚሷን አግኝተሽ «ልጄ ጎበዝ ነው?» ሳይሆን «በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር፣ ምን ይጫወታል?» ብለሽ ጠይቂያት።

ዛሬ ማታ ይቅርታ ጠይቂው። አጭር ይሁን፤ «የውሃው ነገር አስጨነቀህ አይደል? ጮህኩብህ፣ ልክ አልነበርኩም፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቋል» በቃ። ብርጭቆውን አብራችሁ መደርደሪያው ላይ መልሱት፣ ውሃ ይጠጣበት። እሑድ ዘመድ ሲመጣና አንዱ «እስቲ ያንን ጥያቄ ጠይቂው» ሲል፣ ማለቱ አይቀርም፣ «ዛሬ ጠያቂው እሱ ነው» በያቸው።

የምሬን ነው። እንቆቅልሽ አስጀምሪው። ማታ ማታ በውሃው ሰዓት እሱ «እንቆቅልሽ» ይበል፣ አንቺ «ምን አውቅልህ» በዪ። መጀመሪያ የሚጠይቅሽ መልስ የሌለው ነገር ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ዕድሜ እንቆቅልሽ ገና በደንብ አይያዝም፣ አትከራከሪው። ሲያቅትሽ አገር ስጪኝ ይልሻል። ባሕር ዳርን አትስጪው፣ ትንሽ ተከራከሪ፣ ደብረ ታቦርን ስጪው፣ ጎንደርን ስጪው፣ አገር አልቆብሽ እስክትለምኚው ድረስ ይግዛብሽ።